ፀሐይ ቀለም ትበላለች

ለምወድህ፣ ስልኬን ለማታነሳው ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? እዚያ የተቀጠርክበት ማቅለሚያ ቤት ገንዳው ጥልቅ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስታማስል እንዳትጎብጥ ረጅሙን ዘንግ ያዝ። ሥራ ስትጨርስ እጅህን ቅባት መቀባት እንዳትረሳ፤ እዚያ «እጅህ ሊሰነጠቅ ነው» ብሎ የሚጮህብህ ሰው የለም። እኛ ደህና ነን። ግቢው ደህና ነው። ድመቷም ደህና ናት፤ አሁንም ካንተ ትራስ ሌላ አታውቅም። እትዬም ደህና ናት። ስለ እሷ ግን ከዚህ በላይ አልጽፍም። «ደህና ናት በዪው። ከዚያ ወዲያ ስለ እኔ አንዲት ቃል ብትጨምሪ በዚህ ቤት ቁርስ የለሽም» ብላ አስምላኛለች። የሚስትህን መሐላ ታውቀዋለህ፤ አላፈርስም።

ደብዳቤ የመረጥኩት ስልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። መቅደድ እንደምትችል አውቃለሁ፤ ብቻ እባክህ፣ የምትቀደውም ከሆነ የመጨረሻዋን መስመር አንብበህ ቅደደው።

አሁን ወሬውን ልንገርህ፤ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎ እያስጨፈረኝ ነው። ተሳካ! ጋሼ፣ ተሳካ! የፍሳሽ ቦያችን በር ማሸጊያ ትናንት ተቆረጠ። ያ ያሸገው የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ራሱ መጥቶ፣ በራሱ እጅ ቆረጠው።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር። በአንድ ትንፋሽ ከነገርኩህ «ይቺ ልጅ አሁንም ትቀባጥራለች» ትላለህ።

ያን የስብሰባ ቀን አንተም አልረሳኸውም። ከቦያችን በታች አትክልት የምታለማው ሴትዮ ሰላጣዋን አንጠልጥላ መጣች፤ ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ወይን ጠጅ ሆኖ ነበር። «እኔ የተከልኩት ሰላጣ ነው፤ የለቀምኩት ግን ጨርቅ ነው» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንተ ግን አልሳቅህም። ከዚያ ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ኬሚስት ነሽ፤ የቤቱም ልጅ ነሽ። ይህ ውሃ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» አለኝ። «ይጎዳል» አልኩ። አሁንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው ያንኑ ነው ጋሼ፤ እውነት እንድናገር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ግን ቀጥዬ «መድኃኒትም አለው» ልል ነበር፤ እሱን የሰማኝ የለም። አንተ ተነስተህ ነበርና። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አልክ፤ ከዚያ ወዲህ ፊትህን አላዞርክልኝም። ቦዩ ታሸገ። ለሙከራ ብቻ ትንሽ ትንሽ እንድናቀልም፣ ፍሳሹንም በታንክ እንድናስቀር ተፈቀደ። ዝናቡ ሳይገባ ውሃው ካልጠራ ማቅለሚያ ቤታችን ለዘለቄታው ይዘጋል ተባለ። አባታችን የጀመረው ቤት።

ሻንጣህን ስትዘጋ በር ላይ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ጊዜ ስጠኝ፤ በፀሐይ አጠራዋለሁ» ስልህ ሳቅህ፤ እሱም ሳቅ ከተባለ። «እሺ፣ ውሃው ኩልል ያለ ቀን ጥሪኝ» አልከኝ። አህያ ቀንድ ያበቀለች ቀን ጥሪኝ ማለትህ እንደነበር አላጣሁትም። እኔ ግን እንደ ቀጠሮ ነው የያዝኩት።

ሐሳቡን ከየት አመጣሽው ብትለኝ ካንተ ነው። ልጅ ሆኜ የጨርቅ መስጫውን ሸራ ገልጬ ስጫወት፣ ከገንዳው ወዲያ ማዶ ሆነህ «ዝጊው! ፀሐይ ቀለም ትበላለች!» እያልክ ትጮህብኝ አልነበር? እኛ ቤት ከሌባ ይልቅ የምትፈራው ፀሐይ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ቀን መምህራችን፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃ ነጭ ዱቄት አለ፤ ሲነቃ በውሃ ውስጥ ያለ ቀለም እየበጣጠሰ ያጠፋል ብሎ ሲያስተምር ክፍሉ ሙሉ እያንቀላፋ ነበር። እኔ ግን ድምፅህን ሰማሁት። ፀሐይ ቀለም ትበላለች! ታዲያ ጨርቃችንን ትበላብናለች ብለን ከምንሸሻት፣ ፍሳሻችንን ብይልን ብለን ብንቀጥራትስ?

ዱቄቱ ብርቅ ነገር እንዳይመስልህ። የግድግዳ ቀለም ነጭ የሚሆንበት ያው ዱቄት ነው፤ ስሙ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ። እንዲህ ያለውን ነገር በመጽሐፍ ካታሊስት ይሉታል፤ እኔ ለእትዬ «አስታራቂ» ብዬ ነው ያስረዳኋት። ሁለት ሰዎች መሀል ይገባል፣ ነገሩን ያስጨርሳል፣ ከዚያ ሲገባ እንደነበረ ሆኖ ይወጣል፤ አይጎድልም፣ አይጨመርበትም። ነገም ሌላ ጉዳይ ይጠብቀዋል። እትዬ አሰብ አድርጋ፣ «ታዲያ እንዲህ ያለ ዱቄት ካለሽ ትንሽ ቆንጠር አድርገሽ ለወንድምሽ ላኪለት» አለችኝ። (ይህ ስለ እሷ መጻፍ አይደለም፤ ስለ ዱቄቱ ነው።)

በላቦራቶሪ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ በመብራት ሥር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠራ። የጥናቴ አማካሪ ግን፣ ሰውዬውን ታውቀዋለህ፣ ደስታ ያመዋል፤ «በብርጭቆ የጠራ በግቢ አይጠራም» አለኝ። ደግሞ ልክ ነበር፣ ለጊዜው። ከሚፈርስ ሕንፃ የመስኮት መስታወት ለምኜ ዱቄቱን በሙጫ ለጠፍኩበት፤ ውሃ ሲለቀቅበት ተልጦ ወረደ፤ ግቢው ወተት የፈሰሰበት መሰለ። አባ ሰማይ፣ ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ሲነክር እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆነው አባ ሰማይ፣ ዘንጉን ተደግፎ አይቶ አይቶ፣ «ልጄ፣ ሰማያዊ ውሃ ነበረን፤ አሁን ሰማያዊም ነጭም ውሃ አለን። እደጊ» አለኝ። ተናደድኩ፤ ሳቄም መጣ። ከዚያ መስታወቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አሻከርኩት፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ወስጄ ምድጃቸው ውስጥ አስጋገርኩት፤ ያኔ ዱቄቱ ያዘ፤ በጥፍርህ ብትፍቀው አይለቅም። ሌላ ነገርም ገባኝ፤ የኛ ውሃ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቀውም። ስለዚህ መስታወቱን ሁሉ አጋደልኩት፤ ትንሿ ፓምፕ ውሃውን ከታንኩ ወደ ላይ ታወጣለች፤ እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ ታንኩ ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ይወጣል። የት አቆምኩት መሰለህ? የጨርቅ መስጫህ ቦታ ላይ። ከግቢው ፀሐይ የሚጠግበው እሱ ብቻ ነው። እትዬ ፊት «ጋሼ ይቆጣ ይሆን?» ብዬ ሳመነታ፣ «ለመቆጣት መጀመሪያ መምጣት አለበት» ብላ ገመዱን ራሷ ፈታችው።

ከዚህ በኋላ ነው ልብ የሚያደርቀው ነገር የመጣው። ጠዋት ፓምፗን አስነስቼ ወደ ላቦራቶሪ እሮጣለሁ፤ አመሻሽ ተመልሼ ስለካው ሰማያዊው ያው ሰማያዊ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳ፣ ውሃው ግን ንቅንቅ የለ። ዱቄቱን ቀየርኩ። ጋደል ያለውን አቃናሁ፣ የቀናውን አጋደልኩ። ላቦራቶሪ ወስጄ ስሞክረው መስታወቱ ጤነኛ ነው፤ ግቢ ሳመጣው ይታመማል። ዝናቡ እየቀረበ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ትቶሽ ሄደ?» አሉኝ። «አይ፣ አልጠራ ብሎኝ ነው» አልኳቸው። «ያው ነው ልጄ፣ ልቡ ያልጠራ ሰው ይቅርብሽ» አሉኝ።

አንድ ቀን አማካሪዬ ቀረና ሳላስበው በቀትር ወደ ቤት ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ግቢው ቀዝቀዝ ብሏል፤ ጥላ። ሁሉም ተሰብስበው ምሳ እየበሉ ነው። ቀና ስል ምን አየሁ? የመስጫው ሸራ በመስታወቶቼ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል! ባንተ ቋጠሮ ታስሯል! «ማነው የጋረደው?» ብዬ ጮህኩ። አባ ሰማይ አፉ እንደሞላ «ምኑን?» አለኝ። «ሸራውን!» «እኔ እንጃ፤ ከተሳበ እኔ እሆናለሁ» አለ። ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ አልዋሸም! ፀሐይ በከረረች ቁጥር እጁ ወደ ገመዱ ይሄዳል፣ ስትበርድ መልሶ ይሰበስበዋል፤ አመሻሽ ስመጣ ሳላየው የኖርኩት ለዚህ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሠራው ነውና መሳቡንም አያውቀውም። «ይሄማ መተንፈስ ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ። እትዬ ደግሞ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች፤ ለካ እሷ ከኋላው እየሄደች ጠርዝ ጠርዙን ታስተካክልለት ኖሯል፤ አንዲት ጨረር እንኳ እንዳትሾልክ! እኔ በውጭ ፀሐይን እየለመንኩ፣ እነሱ በጓዳ እያባረሯት። መጀመሪያ ላለቅስ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ወጣ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እትዬ ጎኗን ደግፋ፣ «ተይ አታስቂኝ፣ በእናትሽ፣ አሁን መሳቅ አልችልም» አለች።

ሸራውን ገለጥነው። ያን ዕለት ሰማያዊው ወደ ውሃ ሰማያዊ፣ ውሃ ሰማያዊው ወደ ምንም ሲሄድ ቁጭ ብለን አየነው፤ ልክ ሰው ሲድን እንደማየት ነው። ሸራውን ግን አላወረድነውም። እትዬ «የሱ ነው፤ ሲመጣ ያውርደው» ስላለች ጠቅልለን ወደ ዳር አሰርነው።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ። ተቆጣጣሪው ሳይነግረን መጣ። ቀኑን መርጦ ነው እንዳልል፣ መርጦ ነው እላለሁ፤ ጥቁር ያቀለምንበት ቀን ነበር። ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም ሳይሆን ጉድጓድ ይመስላል። ሰማዩም ደመና። የሰላጣዋ ሴትዮ ተከትላው መጥታለች፤ አማካሪዬም ለልኬት እዚያው ነበር፤ ጎረቤቱም አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ተቆጣጣሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «እስኪ አጥሩት፤ እኔ ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም» አለ። ፓምፗን አስነሳሁ። ጥቁሩ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ጥቁር። የሰላጣዋ ሴትዮ፣ «ውሃው ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ሰው በዛበት» አለች። አማካሪዬ ሰዓቱን እያየ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ሰማይ ሰማይ ሳይ አንገቴ ሊቀነጠስ ነበር። ያኔ አንተን አሰብኩህ፤ «ቤቱ የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ የምዘጋውም እኔ ነኝ» አልኩ በልቤ።

ከቀትር በኋላ ደመናው ተሰነጠቀ። ፀሐይ በአንድ ጊዜ ግቢው ላይ ወደቀች፤ መስታወቱ ሁሉ ነደደ፤ ዓይን ያጠፋል። በዚያችው ቅጽበት አባ ሰማይ ከተቀመጠበት ተወርውሮ ገመዱን ጨበጠ! መተንፈስ ነው ብሎኝ የለ? ሸራው መጎተት ሊጀምር ሲል እትዬ ከወዲያ ጥግ፣ «ተወው! አንተ ሰውዬ፣ ተወው! ትብላው!» ብላ ጮኸች። ገመዱን እንደ እባብ ለቀቀው። ከዚያ ራሱ አባ ሰማይ ሰማያዊ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ትብላው!» አለ። ጎረቤቱ ካጥር ላይ «ትብላው!» አለ። ግቢው ተቀበለ፤ «ትብላው! ትብላው!» ጋሼ፣ ከአባታችን ጀምሮ ከፀሐይ ስንሸሽ የኖርን ቀለም ነካሪዎች፣ ፀሐይን ስሟን እየጠራን «ብይ!» ስንል ብታየን! ተቆጣጣሪው ከወንበሩ ተነስቶ ነበር፤ እያጨበጨበ እንደነበር ያወቀ አይመስለኝም።

በላችውም። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፤ ግራጫው የጢስ ያህል ቀጠነ፤ ጢሱም ሄደ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ተቆጣጣሪው በብርጭቆ ቀዳ፤ ከደረቱ የተንጠለጠለውን የሥራ መታወቂያ አውጥቶ ከብርጭቆው ኋላ ያዘና የራሱን ስም በውሃው ውስጥ አነበበ። ድምፁን ከፍ አድርጎ። ልክ የሌላ ሰው ስም ያገኘ ይመስል። አባ ሰማይ ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ አፉ ሲወስድ ነጠቅኩት፤ «ይጠራል አልኩ እንጂ ይጠጣል መቼ አልኩ?» አልኩት። «እኔማ ለደስታው ነበር» አለኝ። የሰላጣዋ ሴትዮ ደግሞ እጇን በውሃው አለቅልቃ፣ መዳፏን አገላብጣ አየችና፣ «እንግዲህ ሰላጣዬ አረንጓዴ ብቻ ሊሆን ነው፤ ደንበኞቼ ወይን ጠጁን ለምደውት ነበር» አለች። አሁን ወዳጃችን ናት። አንተ ከመጣህ ካሮት እንደምታመጣልህ ነግራኛለች፤ ይህ ከእሷ ይቅርታ ነው፣ በቃል አትጠብቅ።

ተቆጣጣሪው ጠርሙሶቹን ሞልቶ ወሰደ፤ ዓይን ያየው ብቻ አይበቃም፤ በቤተ ሙከራቸው መርምረው ከቀለሙም ሌላ የተከለከለው ሁሉ ከወሰኑ በታች መሆኑን አረጋገጡ። ትናንት መጥቶ ማሸጊያውን ቆረጠ። ደመና የዋለ ቀን ፍሳሹን በታንክ አሳድረን ፀሐይ እስክትወጣ እንድንጠብቅ አስጠንቅቆናል፤ እሱም ልክ ነው። የጠራውንም ሁሉ አንለቀውም፤ ለጨርቅ ማለቅለቂያ መልሰን እንጠቀምበታለን።

አማካሪዬስ? ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንዲት ነገር አየሁበት፤ ፈገግታ ነች ብዬ እምላለሁ። ስለ ቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ያወራ ጀመር። እኔማ ከዚያ አልፌ ሄጃለሁ! ከላይ ያሉት ማቅለሚያ ቤቶች አሉ፤ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ አለ፤ ደመና ለሚበዛበት አገር ደግሞ በደብዛዛ ብርሃንም የሚነቃ ዱቄት እየተፈለገ ነው፤ እኔ ለምን አልፈልገውም? እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እትዬ «ቁጭ በይ፣ ውሃሽ ነው የጠራው እንጂ አንቺማ ገና እየፈላሽ ነው» ትለኛለች።

ጋሼ፣ አሁን የምጠይቅህን ልጠይቅህ። መስታወት መትከል እችላለሁ፤ ጥቁርን ነጭ ማድረግ እችላለሁ። ጥቁርን ጥቁር ማድረግ ግን አልችልም። ገንዳው ሲፈላ ሽታውን አሽትቶ «አሁን» የሚል ሰው በዚህ ግቢ የለም። አባ ሰማይ ይሞክራል፤ ባለፈው ያወጣው ቀይ ግን ጡብ ነው የሚመስለው፤ ራሱም አፈረበት። እትዬ ደግሞ አሁን ቀለም ማስያዣው ኮምጣጤ ሲከፈት ከግቢ ትወጣለች። (ስለ ኮምጣጤው ነው የምጽፈው።) የሽርጧም ማሰሪያ ድሮ ሁለቴ ይዞራት የነበረው አሁን አልደርስ ብሎ አባ ሰማይ ገመድ ቀጥሎበታል። (ስለ ሽርጡ ነው።)

«ጻፊለት፣ ግን ስለ ውሃው ብቻ ጻፊለት» ብላኛለች። «ለውሃው ብሎ ይምጣ። ላንቺ ብሎ ይምጣ። ከዚያ ሌላውን ደጃፉ ላይ ሲደርስ ያየዋል።» ስለዚህ ስለ ውሃው ጻፍኩልህ። ኩልል ያለ ቀን ጥሪኝ ብለኸኝ ነበር። ኩልል ብሏል፤ ስምህን በውስጡ ማንበብ ትችላለህ። እየጠራሁህ ነው።

መንገድህን የተቃና ያድርግልህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይድመቅ፤ የለቀቅከው ሁሉ ይጥራ። እኔን የታገስክበት ትከሻ አይጉበጥ። ተቆጥተህም ቢሆን ና፤ እየተሳደብክም ቢሆን ና፤ ብቻ ዝናቡ ሳይቀድምህ ና።

አሳድገህ ያስተማርካት፣ እውነቷንም ካንተው የተማረች፣
ታናሽ እህትህ።

እንዳልረሳው፦ ከመጀመሪያው የጠራ ውሃ እትዬ በሳህን ቀድታ አንዲት ትንሽ ቢጫ ነገር አጥባ፣ ያንተው ሸራ ገመድ ላይ፣ እዚያ ፀሐይ መሀል ሰቅላት ነበር። ከሩቅ ሳያት መሀረብ መሰለችኝ፤ መሀረብ ግን እጅጌ የለውም።